አካውንቲንግ አጥንቶ የት መግባት ይሻላል? ኦዲት፣ ታክስ ወይስ የድርጅት ሂሳብ ክፍል

አካውንቲንግ የሚያጠኑ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ኤሲሲኤ ይሻላል ሲፒኤ?» ሁለቱም የአካውንታንት የሙያ ሰርተፊኬቶች ናቸው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ቀኑን ሙሉ ምን ስሠራ ብውል ደስ ይለኛል?» የሚለው። ይሄ ሳይመለስ የተጀመረ ሰርተፊኬት ገንዘብም እንቅልፍም ይበላል። በመጨረሻም ሰውን የማይወደው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ እዚህ በዋናነት የማነጻጽረው ሥራዎቹን ነው። ሰርተፊኬቶቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ገና ዲፓርትመንት ላልመረጣችሁ

አካውንቲንግና ፋይናንስ ብዙ ኮርስ ይጋራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው በሚያነሱት ጥያቄ ነው። አንድ ኩባንያ ማሽን ገዛ እንበል። አካውንታንቱ «በስንት ተገዛ? ስንት ዓመት ያገለግላል? የዘንድሮ የእርጅና ተቀናሹ ስንት ነው?» ይላል። የፋይናንሱ ሰው ደግሞ «መጀመሪያውኑ መግዛቱ ያዋጣ ነበር? ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ምን ያመጣ ነበር?» ይላል። አንዱ የሆነውን መዝግቦ ትርጉም ይሰጠዋል። ሌላው ያልመጣውን ይገምታል።

ሁለቱም እኩል ከሳባችሁ አካውንቲንግ ግቡ እላለሁ። ከአካውንቲንግ ወደ ፋይናንስ መሻገር ከተቃራኒው ይቀላል። የሙያ ፈተናዎቹም ሆኑ ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚጠይቁት የአካውንቲንግ ኮርሶችን ነውና፣ ፋይናንስ ያጠና ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ኮርስ ይወስዳል።

«እኔ ማትስ አልወድም» የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ። የአካውንቲንግ ስሌት አብዛኛው መደመር፣ መቀነስና ፐርሰንት ነው። ከባዱ ሌላ ነው። ደንብ አንብቦ፣ ከፊታችን ያለውን ውል ተመልክቶ፣ «ይሄ እዚህ ይገባል፣ ያ አይገባም» ብሎ መወሰን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ድርጅቱ ስልክና የ12 ወር የኢንተርኔት አገልግሎት አንድ ላይ በ14,400 ሸጠ። ስልኩ ለብቻው ቢሸጥ 12,000 ነው። አገልግሎቱ ለብቻው 6,000 ነው። ዛሬ ገቢ ተብሎ የሚመዘገበው ስንት ነው? ገንዘቡ ስለተከፈለ ብቻ 14,400 አይባልም። ለየብቻ ቢሸጡ ድምሩ 18,000 ነበር፤ ደንበኛው የከፈለው የዚህን 80 ፐርሰንት ነው። ስለዚህ የስልኩ ድርሻ 9,600፣ የአገልግሎቱ 4,800 ይሆናል። 9,600ው ስልኩ በተሰጠበት ቀን ይመዘገባል። 4,800ው ግን በየወሩ 400፣ 400 እየተባለ ነው ገቢ የሚሆነው። ከዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንቦች (አይኤፍአርኤስ) አንዱ የሆነው፣ አይኤፍአርኤስ 15 የሚባለውና እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ የሚለው በአጭሩ ይሄንን ነው። ስሌቱ የሰባተኛ ክፍል ነው። ውሉን አንብቦ «እዚህ ውስጥ ሁለት ቃል ተገብቷል» ብሎ ማየቱ ነው ሙያው።

ይሄን ስታነቡ «ደስ ይላል» ካላችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ።

ኦዲት፦ የሰው መዝገብ መመርመር

የውጭ ኦዲተር የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለም። ከውጭ መጥቶ ሂሳቡ እውነተኛውን ሁኔታ በአግባቡ ያሳያል ወይስ አያሳይም ብሎ ይመሰክራል። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ግን በጣም መሬት የያዘ ነው።

ለምሳሌ የንብረት ቆጠራን እንይ። ዓመቱ በተዘጋ ቀን መጋዘን ትሄዳላችሁ። ዝርዝሩ ላይ 340 ካርቶን ይላል። መጀመሪያ ከወረቀቱ ጥቂት ዕቃዎች ትመርጡና ሄዳችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቀጥሎ ተገላቢጦሹን ትሠራላችሁ። መጋዘኑ ውስጥ ካለው ጥቂት ትመርጡና ወረቀቱ ላይ መኖራቸውን ታረጋግጣላችሁ። አንዱ ብቻ አይበቃም። ከወረቀት ወደ መጋዘን መሄድ የሌለ ዕቃ እንዳለ ተደርጎ መመዝገቡን ያጋልጣል። ከመጋዘን ወደ ወረቀት መሄድ ደግሞ ያለ ዕቃ ሳይመዘገብ መቅረቱን ያሳያል። ይሄን ሁለት አቅጣጫ አንዴ በእግሩ የሄደበት ሰው፣ ክፍል ውስጥ የሸመደደውን ያን ጊዜ ነው የሚገባው።

የኦዲት ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። በ3 ዓመት ውስጥ ባንክም፣ ፋብሪካም፣ ሆስፒታልም፣ የእርዳታ ድርጅትም ልታዩ ትችላላችሁ። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይሄን ያህል ለማየት ብዙ ጊዜ ሥራ መቀየር አለበት። ጉዳቱም የታወቀ ነው። ዓመት ከተዘጋ በኋላ ያሉት ወራት ወገብ ይቆርጣሉ። ማምሸት አለ። ቅዳሜም አለ። የጀመራችሁትን ድርጅት መጨረሻ ሳታዩ ወደ ሌላው ትዛወራላችሁ።

ትልልቆቹ አራቱ የኦዲት ድርጅቶች፣ ዴሎይት፣ ፒደብልዩሲ፣ ኢዋይና ኬፒኤምጂ፣ ዓለም ላይ የታወቁ ናቸው። ድሮ አምስት ነበሩ። አምስተኛው አርተር አንደርሰን ይባል ነበር። ደንበኛው የነበረው ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ እሱም ተከትሎ ወደቀ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ሳርባንስ ኦክስሊ የተባለውን ሕግ አወጣች፤ የኩባንያ ኃላፊዎች ለሂሳብ መግለጫው በፊርማቸው እንዲጠየቁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንደርሰን ላይ የተላለፈውን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሽሮታል። ድርጅቱ ግን አልተመለሰም። ደንበኛ አንዴ ካላመነህ የፍርድ ቤት ወረቀት አይመልሰውም። ኦዲት ለመግባት የምታስቡ ሁሉ ይሄን ታሪክ በደንብ አንብቡት። የምትሸጡት ነገር እምነት ብቻ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ለማን ይሆናል? ሰነድ ጠይቆ ሲከለከል የማይኮርፍ፣ ሳይቆጣም ሦስተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ይሆነዋል። ዝም ማለት የሚቀለው፣ ሰው ላለማስቀየም ብሎ የሚያልፍ ሰው ይቸገራል። ይሄ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፣ የጠባይ ነው።

የድርጅት ሂሳብ ክፍል፦ መዝገቡን መሥራት

እዚህ ደግሞ መዝገቡ የእናንተ ነው። ደረሰኝ ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ ይከፈላል። ወር ሲያልቅ ሂሳቡ ይዘጋል። በሚቀጥለው ወር እንደገና። ብዙ ተማሪ ይሄን ይንቃል፤ «ዴቢት ክሬዲት ብቻ ነው» ይላል። እኔ ሙያውን የተማርኩት እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የባንክ ሂሳብ ሳስታርቅ፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ሳመሳክር፣ 90 ልዩነት መጣብኝ። ትንሽ ቁጥር ናት። ግን እኩል ካልመጣ እኩል አልመጣም። ከሰዓቱን በሙሉ ቼኮቹን አንድ በአንድ ስፈልግ ዋልኩ። አጠገቤ የሚቀመጡት ትልቅ ሰው ቀና ብለው አዩኝና «እስቲ ልዩነቱን ለ9 አካፍለው» አሉኝ። 10 መጣ፣ ያለ ቀሪ። «እንግዲያው ሁለት አሃዝ ተቀያይሮብሃል። እሱን ብቻ ፈልግ።» አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ባንኩ 5,430 ከፍሏል፣ እኔ የመዘገብኩት 5,340 ነው።

ሁለተኛም ዘዴ አስተማሩኝ። ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ካልመጡ ልዩነቱን ለ2 አካፍላችሁ ያንን ቁጥር ፈልጉ። አንድ ሂሳብ በተቃራኒው በኩል ከተጻፈ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ድምር የሚነጻጸርበት ዝርዝር) እኩል ስለመጣ ብቻ ደግሞ አትረጋጉ። የኪራዩ ወጪ በስህተት የጥገና ላይ ቢመዘገብ ድምሩ ቅንጣት አይዛነፍም። ስህተቱ ግን እዚያው አለ።

ከዚህ ክፍል ወደ ላይ የሚወስድ አንድ መንገድ አለ፤ ማኔጅመንት አካውንቲንግ። የወጪ ሂሳብ፣ በጀት፣ በበጀቱና በትክክለኛው ወጪ መካከል ያለ ልዩነት ትንተና። ለአለቃ ውሳኔ የሚሆን ቁጥር ማዘጋጀት ነው። ቋሚ ወጪው 120,000 የሆነ፣ አንዱን ዕቃ በ50 የሚሸጥ፣ ለአንዱ ዕቃ 30 የሚያወጣ ድርጅት ላለመክሰር 6,000 ዕቃ መሸጥ አለበት። ይሄ ክፍል ውስጥ የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ሥራ ላይ ግን «ይቺ 30 ትክክል ናት ወይ?» የሚለውን ለማወቅ ከማምረቻው ሰዎች ጋር ሳምንት ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ቢሮ ውስጥ ብቻ መቀመጥ የማይወድ አካውንታንት ካለ የሱ ቦታ ይሄ ነው።

ከኦዲት ጋር ሲተያይ እዚህ ሰዓቱ ይሻላል፤ የወሩ መጨረሻ ብቻ ይጨንቃል። የምታዩት ግን አንድ ድርጅት ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ተከፋይ ሂሳብ (ድርጅቱ ለአቅራቢዎች የሚከፍለው) ላይ ብቻ ከተቀመጣችሁ እውቀታችሁ ይጠብባል። ስለዚህ ስትገቡ በየጊዜው ክፍል ያዘዋውሩ እንደሆነ ጠይቁ።

ታክስ፦ ሕግ ማንበብ

ታክስ ግማሹ አካውንቲንግ፣ ግማሹ ሕግ ነው። አዋጅ ይወጣል፣ መመሪያ ይከተላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይሻሻላል። ማንበብ የሚወድ ሰው ይደሰታል። ማንበብ የሚሰለቸው ሰው በጭራሽ አይግባ።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚረሳው አንድ ማነጻጸሪያ አለ። እውቀታችሁ አገር ይሻገራል ወይ? የሂሳብ ሪፖርት ደንቡን ብትወስዱ፣ አይኤፍአርኤስን በገበያ አክሲዮናቸው ለሚሸጥ ኩባንያዎች ያስገደዱ አገሮችና ግዛቶች ከ140 በላይ ናቸው። አሜሪካ በራሷ ደንብ ትሠራለች እንጂ መሠረቱ ብዙም አይራራቅም። የኦዲት ደረጃዎቹም እንደዚሁ ይሻገራሉ። የታክስ ሕግ ግን ድንበር ላይ ይቀራል። ሌላ አገር የሄደ የታክስ ባለሙያ አብዛኛውን እንደ አዲስ ይማራል። በሌላ በኩል እዚያው ለሚቆይ ሰው ይሄው ነገር መከታ ነው። ከውጭ መጥቶ በቀላሉ የሚተካው የለም፣ ከደንበኛ ጋር ያለው ግንኙነትም ረጅም ነው።

ስለዚህ የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ ወደ ሪፖርት፣ ኦዲትና ማኔጅመንት አካውንቲንግ አድሉ። የመቆየት ሐሳብ ያላችሁ ታክስን በደንብ እዩት።

የውስጥ ኦዲትና የመንግሥት ሂሳብም አሉ፣ ባጭሩ ልለፋቸው። የውስጥ ኦዲተር የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ከሂሳብ አልፎ ግዥውን፣ መጋዘኑን፣ የኮምፒውተር ሲስተሙን ይፈትሻል። የመንግሥት ሂሳብ በጀት ላይ የቆመ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፣ ጥያቄው «የተፈቀደው ለተፈቀደለት ዋለ ወይ?» ነው። የተረጋጋ ሥራና ለሕዝብ መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ቦታ ነው።

አሁን ሰርተፊኬቶቹ

ሥራውን ከመረጣችሁ ይሄኛው ይቀላል።

ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተ የእንግሊዝ የሙያ ማኅበር ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየው አደረጃጀቱ 13 ፈተና ነው፤ ማለፊያው 50። ከዚያ ላይ የሥነ ምግባር ሞጁልና የ36 ወር የሥራ ልምድ አለ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲው እውቅና ካለው እስከ 9 ፈተና ሊታለፍለት ይችላል። ዋናው ጥቅሙ ተማሪ ሆኖ መጀመር መቻሉና በብዙ አገር መታወቁ ነው። አደረጃጀቱ ይከለሳልና ከመመዝገባችሁ በፊት የዘንድሮውን ከማኅበሩ ከራሱ እዩ።

ሲፒኤ ስንል መጀመሪያ «የማን ሲፒኤ?» ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካም፣ ካናዳም፣ አውስትራሊያም በዚህ ስም የሚጠራ የየራሳቸው አላቸው፣ አንድ አይደሉም። የአሜሪካው 4 ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ 3ቱ ለሁሉም የጋራ ናቸው። እነሱም ኦዲት፣ የሂሳብ ሪፖርትና ታክስ ነክ ሕግ ናቸው። አራተኛውን ከሦስት ዘርፎች ትመርጣላችሁ። ማለፊያው 75 ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ የትምህርትና የልምድ መስፈርቱ ይለያያል። አሜሪካ ለመሥራት ወይም ለአሜሪካ ኩባንያ ለመሥራት ለሚያስብ ከሱ የሚበልጥ የለም። ለሌላው ሰው ግን ብዙው የአሜሪካ ሕግና ደንብ ስለሆነ ያን ያህል አይጠቅመውም።

ሲኤምኤ የማኔጅመንት አካውንታንቶች ነው። 2 ክፍል ብቻ ነው፤ ከ500 ነጥብ 360 ማምጣት ይጠይቃል። ዲግሪና የ2 ዓመት ልምድ ይጨመርበታል። አጭር ስለሆነ ብቻ የሚገቡበት ብዙ ናቸው። በጀትና የወጪ ትንተና ላይ ለሚሠራ ትክክለኛ ነው። የኦዲት ሪፖርት ላይ የመፈረም መብት ግን አይሰጥም። ለውስጥ ኦዲት ደግሞ የውስጥ ኦዲተሮች ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ባለ 3 ክፍል ፈተና አለ።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ሁለት ሰርተፊኬት አንድ ላይ አትጀምሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በትክክል እዚህ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ይታለፍልኝ ብላችሁ ሁሉንም አታሳልፉ። በሁለተኛ ዓመት ተምራችሁ የረሳችሁት ኮርስ ካለ ፈተናው ቢታለፍላችሁም ቁጭ ብላችሁ መጽሐፉን ከልሱ። የላይኞቹ ፈተናዎች የታችኛውን ታውቃላችሁ ብለው ነው የሚጀምሩት። ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። የሚወድቁት ከባድ ስለሆነ ሳይሆን መሐል ላይ ሁለት ዓመት ክፍተት ስላለ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያላችሁ፦ ውጤት ወይስ ልምምድ?

ውጤት በር ያስከፍታል፣ በተለይ ትልልቆቹ ቢሮዎች ላይ። ከደህና ወደ እጅግ በጣም ጥሩ ለማሳደግ የምታጠፉትን የመጨረሻ ሰዓት ግን ለልምምድ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። የክበብ ወይም የማኅበር ሂሳብ ያዙ። ትንሽ ትሁን። ከመክፈቻ ሚዛን እስከ መዝጊያ አንድ ጊዜ ሙሉውን በራሳችሁ ሥሩ።

ኤክሴልን ደግሞ እንደ እጃችሁ ልመዱት። ፒቮት ቴብል፣ ኤክስሉክአፕ፣ ሰምኢፍስ የሚባሉትን መሣሪያዎቹን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ያለ የስሌት ሰንጠረዥ) ቪዚካልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ ለአካውንታንት ሥራ አይኖርም የሚሉ ነበሩ። የቀረው በእጅ መደመሩ ነው። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ተመሳሳይ ፍርሃት አለ። ደረሰኝ ማስገባትና ማዛመድ ወደ ማሽን እየሄደ መሆኑ እውነት ነው። ከላይ ያነሳሁት የስልኩ ዓይነት ጥያቄ ላይ ግን ፈርሞ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ዝግጅታችሁን ወደዚያ አድርጉት።

ኢንተርንሽፕ ገብታችሁ ፋይል ደርድሩ ከተባላችሁ አትከፉ። እየደረደራችሁ አንብቡ። አንዱን የክፍያ ቫውቸር አውጡና ፊርማዎቹን እዩ። ማን ጠየቀ? ማን ፈቀደ? ማን ከፈለ? ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ሁለቱ ቦታ ላይ አንድ ፊርማ ካያችሁ የውስጥ ቁጥጥር ምዕራፍ ላይ የተማራችሁት ድክመት እጃችሁ ላይ ነው። ሃምሳ ቫውቸር እንደዚህ ያነበበ ተማሪ ኢንተርቪው ላይ የሚያወራው አያጣም።

ሁለት ቅጥር ቢመጣላችሁ

ትልቅ ቢሮና ትንሽ ቢሮ እኩል ቢቀበሏችሁስ? ትልቁ ስም፣ ሥልጠናና የሚከፈል የፈተና ክፍያ ሊሰጣችሁ ይችላል። ግን ዓመቱን ሙሉ የጥሬ ገንዘብና የቋሚ ንብረት ሂሳብ ላይ ብቻ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ትንሹ ቢሮ ውስጥ በስድስት ወር ሙሉ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታያላችሁ። ጠዋት ኦዲት፣ ከሰዓት ታክስ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ጥሩ አለቃ ከሌለ ግን የለመዳችሁት ስህተት አብሯችሁ ይኖራል።

ደሞዙን ከመጠየቃችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ «በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የሠራሁትን ሥራ የሚያርምልኝ ማነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ያየዋል?» ስም ጠርተው፣ ቀን ነግረው ከመለሱላችሁ እዚያ ግቡ፣ ትንሽም ቢሆን ቢሮው። «እዚህ ሁሉም ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው» ካሏችሁ ደግሞ ሌላኛውን ቢሮ ደውላችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ።